ዝም ያሰኘሁት ስህተት

እኔ የሠራሁት መተግበሪያ አይበላሽም። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ለአለቃዬ ብያለሁ፣ ለእናቴ ብያለሁ፣ ወረቀት የሚያኝከውን የቢሯችንን ማተሚያ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬ ሳይቀር ብያለሁ። ስለዚህ ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው አዲሱ ባልደረባችን፣ ሁላችንም ጠርጣራው የምንለው፣ «ብልሽት ሲፈጠር ራሱ የሚነግረን ነገር እንጨምርበት» ሲለኝ ቆሽቴ አረረ።

«ማን ተበላሸ አለህ?» አልኩት።

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላማረረም። የእኔ የበር ደወል እንኳ በሳምንት አንዴ ያስቸግራል።»

መተግበሪያው ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነው። ነርሷ ለታካሚው መድኃኒት ትሰጣለች፣ ታብሌቷ ላይ «ሰጥቻለሁ» የሚለውን ትነካለች፣ አረንጓዴ ምልክት ብቅ ይላል፣ መዝገቡ ወደ ዋናው ኮምፒውተር ይሄዳል። ተራ ሲቀየር የምትረከበው ነርስ መዝገቡን አይታ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደቀረ ታውቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጠርጣራው አለቃችንን አሳመነና ሥራውን ራሱ ሠራው፤ እኔ እጄን አጣጥፌ አየሁት። ከአሁን በኋላ መተግበሪያው በተደናቀፈ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታብሌቱን ቁጥርና የተደናቀፈበትን የኮድ መስመር ይልክልናል። በዚያ ላይ ታብሌቶቹ እስከ ዛሬ ማንም ሳያነብላቸው የሠሩትን ሁሉ እየመዘገቡ በሆዳቸው የያዙትን የቆየ ማስታወሻ ጭምር እንዲልኩ አደረገ። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለቀቀው።

«ባዶውን ገጽ አይተህ ስትጠግብ ንገረኝ» ብዬው ወደ ስብሰባ ገባሁ።

ስወጣ ጠርጣራው ቆሞ አገኘሁት። ይህ ሰውዬ ለምሳ እንኳ በግድ ነው የሚነሳው። «ነይ እስኪ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምንም ማሾፍ ስላልነበረ ነገሩ አልጣመኝም።

ስክሪኑ ላይ ዝርዝር ይወርዳል። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አይቆምም። ከላይ ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ይል ነበር፤ ዓይኔ እያየ አራት መቶ አሥራ አራት ሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያልተላከ መዝገብ ነው። ኔትወርኩ ለአንድ አፍታ ሲቋረጥ መዝገቡ ጠፍቶ ይቀራል። ነርሶቹም ሳያዩት አልቀሩም፤ ረስቼ ነው እያሉ ደግመው ሲመዘግቡ የኖሩ ይመስለኛል። ሁሉም የሚወድቀው አንድ መስመር ላይ ነው።»

መስመሩን ከፈተው። ክው አልኩ። የእኔ እጅ ነው። ስህተት ከመጣ ምንም ሳትል እለፍ የሚል ትእዛዝ፣ ከሥሩ አረንጓዴውን ምልክት የሚያበራው መስመር፣ ከጎኑ ደግሞ በራሴ ቃል «በኋላ ይስተካከላል» የሚል ማስታወሻ።

ቀኑ ትዝ አለኝ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ መጥተው ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። በፊታቸው ቀይ የስህተት ጽሑፍ ወጥቶ እንዳያሳፍረኝ፣ ለዚያች ለአንዷ ሰዓት ብዬ ዝም አሰኘሁት። ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ሦስት ዓመት አለፈ። እኔ ደግሞ አፉን የለጎምኩትን መተግበሪያ አይሳሳትም እያልኩ በየሄድኩበት ስመጻደቅ ኖርኩ።

«መዝገቡ እየጠፋ አረንጓዴ ያሳያል ማለት ነው?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅሁት።

«አዎ።»

«ሦስተኛ ፎቅ» አልኩት። «የሦስተኛ ፎቅን አውጣልኝ። ከሁለት ወር በፊት፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን።»

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቢሯችን ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ የለም።

ታላቅ እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት የሠራች ናት። በዚያ ቀን በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰባተኛው አልጋ ላይ ለተኙ አንድ አባት የደም ማቅጠኛ መርፌ ሰጠች። መዝገቡ ላይ ግን የለም። የተረከበቻት ነርስ አልተሰጣቸውም ብላ ደገመችው። ሰውዬው ደም ሲፈሳቸው አድረው ለጥቂት ተረፉ። እህቴ «መዝግቤያለሁ፣ አረንጓዴውን በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። ኮሚቴ ተቋቋመ። መተግበሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝና ጠርተው «የተመዘገበ ነገር ሊጠፋ ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይችልም» አልኩ። እህቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።

ዝምድናችንን ስለሚያውቁ ይበልጥ አመኑኝ፤ እህት በእህቷ ላይ በሐሰት አትመሰክርም ብለው። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ክፍል የወጣሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። ለሥጋ ዘመድ ያላደላሁ ጀግና መስዬ ታየሁ ለራሴ። እሷ ከሥራ ታገደች። የሙያ ፈቃዷ ይነጠቅ አይነጠቅ የፊታችን ዓርብ ይወሰናል። ከኮሚቴው ቀን ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። እናታችን «አንቺ ድንጋይ» ብላኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘግታዋለች።

ጠርጣራው አገኘው። ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ ሰባት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። አልተላከም። ለተጠቃሚው አረንጓዴ ታይቷል።

ጠርጣራው የሦስተኛ ፎቅን ዝርዝር እስከ ዛሬ ድረስ ያለውን አተመልኝ። ወረቀቱን መንጭቄው ወጣሁ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም።

እህቴ በሩን ከፈተችና መንገድ ለቀቀችልኝ። ሳሎኗ ውስጥ ስገባ ደርቄ ቀረሁ። ቤቱ በሙሉ ትንንሽ ወረቀት ተለጣጥፎበታል። በሩ ላይ «ቁልፍ ይዘሻል?»፣ ከምድጃው በላይ «ሁለት ሰዓት ላይ ጠፍቷል»፣ መስኮቱ ላይ «ተዘግቷል»። ማቀዝቀዣው ላይ የእናታችንና የእኔ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ከእኔ ቁጥር ጎን «ታናሽ እህቴ» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ማስታወሻ ነዋ» አለች፣ ስለ ዝናብና ፀሐይ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ። «ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። አባዬን እንደዚህ ነው የጀመረው፤ ታስታውሺ የለ? ያላደረገውን አድርጌያለሁ ይል ነበር።»

አባታችን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማን መሆናችንን አያውቅም ነበር።

«ግን እኮ እትዬ፣ አረንጓዴውን አይቻለሁ ብለሽ...»

«አይቻለሁ። አንቺ ግን አይችልም አልሽ። አንቺ ደግሞ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አትዋሺም። ሁለታችንም ካልዋሸን የተበላሸው የእኔ ጭንቅላት ነዋ።»

ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያለችኝ ተቀይማኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ እኔን አምና ራሷን ፈርታ ኖሯል። ወረቀቱን ዘረጋሁላትና «መዝግበሻል» አልኩ። «መዝግበሽ ነበር እትዬ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከንፈሯ «ስምንት ሰዓት ከሃያ» ሲል አየሁት። እንድትጮህብኝ ፈለግሁ። በጥፊ ብታጮለኝ ምንኛ በቀለለኝ። ዓይኗ ግን ወደ ወረቀቱ ግርጌ ወርዶ እዚያ ቆመ።

«ይሄ የዛሬ ቀን ነው» አለች።

«አዎ፣ እስከ ዛሬ ያለውን ነው ያተመልኝ።»

«አሁንም ይጠፋል ማለት ነው? አሁን፣ እኔና አንቺ እዚህ ቆመን?»

አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ደረጃውን ስወጣ፣ በሩን ሳንኳኳ አንዴም አልታሰበኝም። ይቅርታ ልለምን መጣሁ እንጂ አልጋ ላይ ስለተኛ ሰው ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ዛሬም መርፌ ይሰጣል፤ ዛሬም አረንጓዴው ይበራል። በራሴ ደነገጥኩ።

እህቴ ስልኳን አንስታለች። የሦስተኛ ፎቅን ቁጥር ከየትም አላየችም፤ በቃሏ ነው የመታችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «አዎ፣ እንደታገድኩ አውቃለሁ፤ አሁን ስሚኝ። አረንጓዴውን አትመኑት። የስምንት ሰዓቱ መርፌ ሳይጀመር የዛሬውን ሁሉ አልጋ በአልጋ ዞራችሁ አጣሩ። የደም ማቅጠኛና የስኳር መርፌ ያላቸውን አስቀድሙ። ከዚህ በኋላ በወረቀት ጻፉ። ለሌሎቹም ፎቆች ንገሩ።»

ከወዲያ ማዶ ያለችው ነርስ ረጅም ነገር ተናገረች። እህቴ ሳታቋርጥ አዳመጠቻት። ፊቷ ትንሽ ቀላ፣ ከዚያ ተመለሰ። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ ንገሪያት» አለችኝ። «የእኔን ቃል አይቀበሉም።»

ስልኩን ተቀብዬ፣ አረንጓዴው እንደሚዋሽና ያዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ እያለቀስኩ ነገርኳት።