ሁለተኛው ምስክር

መዓዛ ላቀው ከአባቷ ጋር ከቤተ ልሔም መጥታ ንፋስ መውጫ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት አዳራሽ በር ላይ ስትደርስ፣ የተሰቀለውን ባነር አይታ ቆመች። «አዲስ ጋላክሲ ላገኘችው የጋይንት ልጅ እንኳን ደስ አለሽ» ይላል። ከጽሑፉ ጎን ፎቶዋ አለ፤ ያውም የመታወቂያው፣ ሌባ መስላ የተነሳችው።

አባቷ የኔታ ላቀው መነጽራቸውን ጠርገው ባነሩን ሁለቴ አነበቡት።

«ተመስክሮልሻል?» አሏት።

የኔታ ይህን የሚጠይቁት ለወግ አልነበረም። ዕድሜያቸውን የፈጁት የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ቤተ ልሔም ተቀምጠው የሰው ድጓ በመስማት ነው። ዜማ ፍለጋ አገር የዞረ ሊቅ ሁሉ፣ እዚያ መጥቶ አሰምቶ «ጸንቷል» ካልተባለ የድጓ መምህር ነኝ ብሎ ወንበር አይዘረጋም። መዓዛ ልጅ ሳለች፣ ሽበት ያወጡ ሰዎች «ይህ ክፍል አልጸናም፣ ተመለስ» ተብለው በነጠላቸው እንባ እየጠረጉ ሲወጡ አይታለች። እናቷ ወይዘሮ የሺ አንጀታቸው አልችል ብሎ «ምናለ ይችን ቢያልፏት?» ሲሉ፣ «እኔ ያለፍኳት ስሕተት በተማሪዎቹ አፍ ትኖራለች» ነበር መልሳቸው።

«አንድ ምስክር አለኝ፣ አባባ» አለች መዓዛ።

«ስንት ነው የሚፈለገው?»

«ሁለት።»

የኔታ ገብተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

የክፍል ጓደኛዋ የነበረውና አሁን የፊዚክስ መምህር የሆነው አበባው እየተጣደፈ መጣ። ባነሩን ያሠራው እሱ ነው፤ ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«አቤ፣ እኔ እኮ ያገኘሁ ይመስለኛል ነው ያልኩህ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ያው ነው በናትሽ። እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ደግሞስ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ያውቅብሻል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያውቅባትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ እሷም ጭብጨባውን መፈለጓ ነው። የኔታ አንድ ቀን እንኳ «ጎሽ» ብለዋት አያውቁም። ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ የጠየቋት የሳተችውን ጥያቄ ነበር። ለዶክትሬት ስታልፍም «በርቺ» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ዛሬ አገሩ ሁሉ ሲያጨበጭብላት ቢሰሙ ምን ነበረበት? ይህን እያሰበች ማይክሮፎኑን ያዘች።

«እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ይዳፍኑታል» ብላ ጀመረች። «ብታዩት አመድ ነው፤ እጃችሁን ብታስጠጉ ግን ይሞቃችኋል። ከዋክብት የሚወለዱባቸው ሩቅ ጋላክሲዎችም እንደዚያው ናቸው። አዲሶቹ ከዋክብት የሚወለዱት አቧራ ውስጥ ነው። አቧራው ብርሃናቸውን ይውጥና እሱ ራሱ ይሞቃል። ያ ሙቀት ኢንፍራሬድ ሆኖ ይወጣል። ዓይናችን አያየውም፤ የጠፈር ቴሌስኮፕ ያየዋል። እኔም በተራው ብርሃን ባዶ በሚመስል ቦታ ላይ፣ በኢንፍራሬድ ምስል አንዲት ነጥብ አገኘሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የኔታ ግን አላጨበጨቡም፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ። እዚህ ላይ ብታቆም ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

«ግን አልጨረስኩም» አለች። «የነጥቧን ርቀት የሚነግረን ብርሃኗ እንደ ቀስተ ደመና ሲበተን የሚታየው መስመር ነው። መስመሩ አንድ ብቻ ከሆነ የሩቅም የቅርብም ጋላክሲ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሲገኝ ነው የሚጸናው። እኔ ያለኝ አንድ ነው። ስለዚህ በር ላይ የተጻፈው ገና አልጸናም። ልሳሳት እችላለሁ።»

ጭብጨባው ቀርቶ ሹክሹክታ ሆነ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ አበባው አንገቱን ደፋ። የኔታ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ዞር ብለው ሳያዩዋት ወጡ።

መዓዛ እንደ ምንም ጨርሳ ስትወጣ ባነሩ ከበሩ ላይ የለም። አበባው አፍሮ አነሳው ብላ አዘነችለት። ሲመለሱ የኔታ በዚያ ሁሉ የመኪና ሙቀት ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው፣ ውርጭ ስለመታው ገብስ ብቻ አወሩ። አሳፈርኳቸው አለች በልቧ። በማግስቱ ወደ ሥራዋ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ሁለተኛው መስመር የተገኘው ክረምት ላይ ነው። ነጥቧ እውነትም እጅግ ሩቅ፣ ብርሃኗም ምድር ሳትኖር ጉዞ የጀመረ ጋላክሲ ሆና ተገኘች። መዓዛ መጀመሪያ የደወለችው ለአባቷ ነበር።

«ሁለተኛው ተገኘ፣ አባባ።»

«ከመጀመሪያው በይልኝ» አሉ።

አለችላቸው። ከአመዱ ጀምራ ስትወርድ መሀል ላይ «ቆይ፣ አቧራው ለምን እንደሚሞቅ ዘለልሽ» ብለው መለሷት። ተመልሳ ከዚያው ጀመረች። እስከ መጨረሻው አደመጧት።

«ጸንቷል» ብለው ስልኩን ዘጉት። መዓዛ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ለገና አገሯ ስትገባ፣ የኔታ እንደ ወትሯቸው ድጓ ሊያስመሰክር የመጣ ሰው እያዳመጡ ነበር። ከተቀመጡበት በላይ፣ ግድግዳው ላይ ያ ባነር ተሰቅሏል። ሌባ የምትመስልበት ፎቶ ጭምር።

«ያን ቀን ራሱ ከበሩ አውርደው በጋቢያቸው ሸፍነው አመጡት» አሏት እናቷ በጆሮዋ። «ገና አልጸናም፣ አይነካ ብለው አልጋ ሥር አስቀመጡት። ስልክ የደወልሽ ዕለት እሳቸው ናቸው የሰቀሉት።»

እንግዳው ዜማውን ገታ አድርጎ አንዴ ባነሩን፣ አንዴ እሷን ያያል። የኔታ ከመጽሐፉ ቀና አላሉም።

«ልጄ ናት» አሉት። «አስመስክራለች። አንተ ቀጥል።»