ቁጡው ብሬከር

ፒንሳ የታላቅ ወንድሙን ደጅ ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። ቅያሜ እንደ ዛገ ብሎን ነው፤ በቆየ ቁጥር ይጠብቃል። የእሱ የጠበቀው አባታቸው በተቀበሩ ማግስት ነው። ታላቅየው፣ ጋሼ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የመጡትን እንግዶች ከቤተሰቡ ጋር እያስተዋወቀ እሱ ዘንድ ሲደርስ፣ "ይሄ ደግሞ መብራታችንን የሚሠራልን ነው" ብሎ አለፈ። ወንድሜ ነው አላለም። ከእንግዶቹ አንዱ ከኪሱ ብቅ ያለውን ፒንሳ አይቶ "ፒንሳው" አለው፤ ሁሉም ሳቁ። ስሙ እዚያው ተጣበቀበት። ውሸትም አይደለም፤ አንዴ የነከሰውን አይለቅም።

ጋሼንስ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ማን ሆነና? የአባታቸው አቅም ለሁለት ልጅ አልበቃ ሲል፣ "ታላቁ ይማር፤ ታናሹ እጁ ሥራ ይችላል" ተባለ። ጋሼ ተማረ። እጁ ሥራ የሚችለው ልጅ በየሰው ኮርኒስ ውስጥ እየተሳበ ሽቦ ሲጎትት አደገ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ስለዚህ የጋሼ ሚስት ደውላ "ና፣ ይፈልግሃል" ስትለው፣ "መብራት ጠፋባችሁ?" አላት።

"ሰኞ ጉሮሮው ሊቀደድ ነው" አለች እትዬ። "ሐኪሞቹ ድምፅህ ይቀራል ብለውታል። አሁን ትመጣለህ ወይስ መብራት እስኪጠፋ ትጠብቃለህ?"

ቅዳሜ ጠዋት መሣሪያውን ይዞ ሄደ።

ጋሼን ጓዳ በምታህል ክፍል ውስጥ ከመገናኛ ሬዲዮው ፊት ተቀምጦ አገኘው። ከስቷል። ያ ስብሰባ ያንቀጠቅጥ የነበረ ድምፅ የመጋዝ ድምፅ ሆኗል። በጣሪያው ላይ ባቆመው አንቴና ከሩቅ ሰዎች ጋር ማውራት የወጣትነት አመሉ ነው። ከሁሉም የሚወደው ከውቅያኖስ ማዶ ያለ አንድ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ ነው። ተያይተው አያውቁም። ከዓለም ጫፍ ያለ ሰው ስለሆነ ለቀልድ "ጎረቤቴ" ይለዋል። እሑድ እሑድ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰማዩ ለጥቂት ጊዜ ለድምፅ ሲከፈት፣ አንድ አንድ ቀልድ ይነጋገራሉ። ሌላ ቁም ነገር የላቸውም።

"ዘንድሮ ሰማዩ ከፋ" አለ ጋሼ። "እኔ እሰማዋለሁ፤ እሱ አይሰማኝም። ጆሮውም ደክሟል። ለዚህ ነው ይሄን ያመጣሁት።"

ከጠረጴዛው ሥር የተቀመጠውን ማጉያ በእግሩ አመለከተው። ሁለት ሰው የሚያነሣው ብረት ነው። የሬዲዮውን ጉልበት አሳድጎ ወደ አንቴናው የሚልክ።

"ሳበራው ግን ብሬከሩ ይወድቅና ቤቱ ይጨልማል። ነገ አንዴ ብቻ በገዛ ድምፄ ቢሰማኝ ነው።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ በሞርስ ቁልፍ እያንኳኳሁ ፊደል መላክ እችላለሁ፤ ያንን ማንም አይወስድብኝም። በማንኳኳት መሳቅ ግን አይቻልም።"

ፒንሳ ይህንን ሲሰማ ውስጡ አንዳች ነገር ላላ ሊል ቃጣው፤ መልሶ አጠበቀው። የሶኬቱን ክዳን ፈቶ አየ። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ይፈረፈራል።

"ብሬከሩን ከፍ ባለ ብትቀይርልኝስ?" አለ ጋሼ።

"ብሬከር የሚመረጠው ሽቦውን አይተህ ነው። እዚህ ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ከሰቀልኩ፣ ብሬከሩ ቆሞ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም መስመር መሳብ አለበት።"

"ልክ ነህ፤ እኔም እሱን ፈርቼ ነበር። ሥራ እንዳላበዛብህ ብዬ እንጂ።"

ደግ ንግግር ነበር። ፒንሳ ግን "አውቅ ነበር" የሚለውን ብቻ ነው የሰማው።

ሊወጣ ሲል ጋሼ ጠራው። "ብሬከሩን ስትገዛ ታጋሹን ዓይነት ይሁን እሺ? የማጉያው ትራንስፎርመር ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ ይስባል። ቁጡው አይችለውም።"

ፒንሳ "እሺ" አለ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ጆሮው ይግል ነበር። ዕድሜ ልኩን ብሬከር ሲሰቅል የኖረን ሰው ስለ ብሬከር ያስተምሩታል። ድምፁ ሊቀር ሁለት ቀን የቀረው የተማረ ሰውም ቢሆን ማስተማሩን አይተውም።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ባለ ሱቁ፣ ወፍራሙን ሽቦና የፕላስቲክ ቱቦውን ቆጥሮ ካስረከበ በኋላ፣ ሁለት ብሬከሮች ባንኮኒው ላይ አኖረ። ልካቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸው ይለያያል።

"እንደኔ የሚታገሠውን ነው ወይስ እንደ ሚስቴ ቱግ የሚለውን?"

"የቤት ነው።"

"የምን ዕቃ ይነሣበታል?"

"የቤት ነው አልኩህ እኮ።"

"እንግዲያው ራስህ አንሣ፤ በኋላ እኔን እንዳትረግመኝ።"

ፒንሳ ታጋሹን ያውቀዋል። ለወፍጮ ሞተር፣ ለብየዳ ቤት ስንቴ ሰቅሎታል። ሬዲዮ ግን ሬዲዮ ነው፤ ወፍጮ አይደለም። እጁ ወደ ታጋሹ ሄዶ ነበር። መልሶ ቁጡውን አነሣ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ከቆጣሪው ቱቦ ዘረጋ፤ ወፍራሙን ሽቦ ሳበ፤ የመሬቱን መስመር ለብቻው አሰረ። ጋሼ መሰላሉን ልያዝልህ ብሎ ቆመ። ትንፋሹ ከላይ ድረስ ይሰማል።

"ተቀመጥ፤ አንተን ደግሞ ማን ይያዝህ?" አለው ፒንሳ።

"አባባም መሰላል ላይ ሲወጣ ምላሱን እንዳንተ ያወጣ ነበር" አለ ጋሼ። "እኔ ላይ ይሄ አልመጣም። ሁልጊዜ ያስቀናኝ ነበር።"

ፒንሳ ከላይ ሆኖ አዲስ ምስማር አነሣ። ስንት ዓመት ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ ለዚህ የሚሆን ግን ከውስጡ አልተገኘም። ቱቦውን ግድግዳው ላይ መታው።

መስመሩ ሲያልቅ የውሃ ማሞቂያ ሰካበት። ውሃው ፈላ፤ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

"በማጉያውስ እንሞክረው?" አለ ጋሼ።

"ይሄን የቻለ ያንን ያቅተዋል? አለቀ።"

"አንተ ካልክ።"

ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ዝቅ ስትል ሬዲዮው ሲንሿሿ ቆየና ድንገት ጥርት ብሎ የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። ፒንሳ ቋንቋውን አያውቅም፤ የጋሼ መጠሪያ እየተደጋገመ መሆኑን ግን ለየ። ጋሼ ፊቱ በራ። ማይኩን አነሣ፤ የማጉያውን ማብሪያ ጫነ።

ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወደቀ።

ፒንሳ ኮሪደሩ ላይ ሮጦ መለሰው። ጋሼ ደግሞ ጫነ። ወደቀ። ደግሞ መለሰው። ደግሞ ወደቀ። ሬዲዮው በድሮው ሶኬት ላይ ስለሆነ አልጠፋም፤ ሽማግሌው መጥራቱን ቀጥሏል።

"ታጋሹን ነው ያመጣኸው?" አለ ጋሼ፣ ቀስ ብሎ።

ፒንሳ ከብሬከሩ ላይ እጁን አነሣ። ጋሼም ደግሞ አልጠየቀም። አለመቆጣቱ ከስድብ ባሰ።

"ገዝቼ መጣሁ" አለና ወጣ።

ሱቁ ተዘግቷል። እሑድ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለውን የባለ ሱቁን ቤት በር ደበደበ። ሰውየው አፉ ምግብ እንደያዘ በነጠላ ጫማ ወጣ።

"ጠይቄህ አልነበር?"

"ክፈት፣ የኔ ወንድም። ስድቡን ነገ መጥቼ እሰማዋለሁ።"

ባለ ሱቁ ፊቱን አይቶ ቀልዱን ዋጠ፤ ቁልፉን ይዞ ተከተለው።

ፒንሳ ሲመለስ በመስኮቱ በኩል የሽማግሌው ድምፅ ይመጣ ነበር። ጋሼም በትንሿ ጉልበት፣ በተቀደደው ድምፁ ይመልስለታል። ሽማግሌው አይሰማም። የጋሼን መጠሪያ ይጠራና ጸጥ ይላል፤ ይጠራና ጸጥ ይላል። ፒንሳ ዋናውን አጥፍቶ፣ በካቻቢቴው ቁጡውን ነቀለ፤ ታጋሹን ሰቀለ፤ ዋናውን መለሰ። ጋሼ ማብሪያውን ሲጫን ማጉያው አንዴ ጓ ብሎ እንደ ንብ ቀፎ ማጉረምረም ጀመረ። አምፖሉ እንኳ አልፈዘዘም።

ጋሼ ጠራ። አደመጠ። ጠራ። ከሬዲዮው የሚወጣው ሹሽታ ብቻ ነው። መስኮቱ ጠቁሯል።

"ሰማዩ ተዘጋ" አለ።

"ተሰናበተህ?"

"ጆሮዬ ነው ጥፋቱ፣ በሚቀጥለው እሑድ እንስቃለን አለኝ።"

እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ፒንሳ ወደ ጋሼ ጠጋ አለ። ሲበደል የሚባለውን ያውቃል፤ ሲበድል የሚባለውን ግን አልለመደም።

"ጋሼ፣ እኔ..."

"መስመሩ ግሩም ነው" አለ ጋሼ። ማይኩን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ። "በል አንተ ስማኝ። ቀልዱን ሳምንቱን ሙሉ ይዤው ነው የሰነበትኩት፤ ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ይዤው አልገባም።"

ጉሮሮውን ጠረገ፤ አመመው፤ ጠበቀ።

"አንድ ሐኪም ለባልየው፣ አንድ ወር ሙሉ ቃል እንዳይወጣህ አለው። ሚስትየዋ ተንደርድራ ምን አለች መሰለህ? ዶክተር፣ ይሄ ሰው በጠና ነው የታመመው፤ ዓመት አያስፈልገውም?"

ጋሼ ራሱ ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቆረጠ። ከዚያም እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ የወንድሙን ፊት እያየ ጠበቀ። ፒንሳ ከንፈሩን አላቀቀ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ ፈልጎ አያውቅም። የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም።