ፍሬንና መጥረጊያ

ሴትዮዋ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት። ከተማሪዎቿ ጎን ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» እያለች ስለምትጮህ «ፍሬን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። እሷም ወዳው ተቀብላዋለች። ባሏ ግን «አንቺን ብሎ ፍሬን! ምላስሽ መቼ ፍሬን ያውቃል?» ይላታል። አልተሳሳተም።

ያላቸው አንድ ልጅ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች። ልጅቷ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትወስድ ብዙ ጊዜ ደህና ከርማ ነበር። አንድ ጠዋት ግን ክፍል ውስጥ ጣላት። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ፣ አስተማሪዋም እርዳታ ፍለጋ ሮጠች። ልጅቷ ስትነቃ የክፍሉ መስኮት በሚያዩዋት ፊቶች ተሞልቶ ነበር። በማግስቱ ዳይሬክተሩ እናቷን አስጠራት።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው እንጂ። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እሱን ማንም አይክድም። ግን ወላጆች እየመጡ ነው። ለጊዜው ቤት ብትቆይ...» አለ።

«ለምን ሲባል?»

«የሌሎቹንም ልጆች ማሰብ አለብኝ። በለሃጭ ይተላለፋል ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

ስልኩን አዙሮ አሳያት። ኢንተርኔት ላይ ያለው መዝገበ ዕውቀት ነው። ስለ በሽታው የተጻፈችው ገጽ አንዲት አንቀጽ እንኳን በቅጡ አትሞላም፤ መሃሏ ላይ ግን «ከታማሚው ለሃጭ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል» የሚል ተጽፏል።

ፍሬን ደሟ ፈላ። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ሰው ሁሉ ነው አሉ የሚጽፍበት።»

«ሰው ሁሉ?» አለች ብድግ ብላ። «እኔም ሰው ነኝ!»

አንዱ ተማሪ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠች ገጹን ከፈተችው። «አርም» የምትል ቃል አገኘችና ነካቻት። በ«ፍሬን» ስም ተመዘገበች፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ደመሰሰች፣ በቦታዋም «ይሄ ነጭ ውሸት ነው! የጻፍከው ሰው እፈር! ከልጄ ጋር በአንድ ብርጭቆ እየጠጣሁ ነው የኖርኩት፣ ይኸው አለሁ!» ብላ ጻፈች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ቀጣዩን ተማሪ አስተምራ ስትጨርስ የጻፈችው ድራሹ ጠፍቷል። ያቺ የለሃጭ ነገር ቦታዋ ተመልሳለች። «መጥረጊያ» የሚባል ሰው ነበር የመለሳት፤ ከሥሩም «ምንጭ የሌለው የግል አስተያየት» ብሏል። ደግማ ጻፈች፣ ደግሞ ጠረገባት። በሦስተኛው፣ ለጊዜው እንዳትጽፍ ታገደች።

ቤት ገብታ ለባሏ ስትነግረው ፊቱን አኮሳተረ። «ተይው በቃ። ነገሩን ባራገብሽው ቁጥር የሚነሣው የእሷ ስም ነው። ሌላ ትምህርት ቤት እንፈልግላት።»

«እዚያስ ሲጥላት? ከዚያ ደግሞ ሌላ? ልጄን እንደ ዕቃ ሳጓጉዝ ልኑር?»

«እኔ ለእሷ ብዬ ነው።»

«እኔስ ለማን ብዬ ነው?»

ከትምህርት ቤት ቀርታ ቤት የዋለችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እማዬ» አለች፣ «ስለ በሽታው ጻፊ። ስለ እኔ ግን ሳትጠይቂኝ አትጻፊ። ‹ልጄ› ያልሽውን ሳይጠፋ አንብቤዋለሁ።»

«ይቅርታ፣ የኔ እናት» ብቻ አለች ፍሬን።

እገዳው ሲነሣላት፣ ከገጹ ጀርባ ጸሐፊዎቹ የሚነጋገሩበት «ውይይት» የሚባል ቦታ እንዳለ አየች። እዚያ ገብታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «መጥረጊያ የምትባለው ሰውዬ፣ እኔን ስትጠርግ ያንን ጉድፍ ለምን ተውከው?»

መልሱ ብዙም አልቆየም። «እውነትዎን ነው፤ ያንን ሳላስተውል መመለሴ ጥፋቴ ነው። ምንጭ ስለሌለው አሁን አውጥቼዋለሁ። የእርስዎም ግን ምንጭ አልነበረውም። እዚህ ቤት ‹እኔ አውቃለሁ› አይሠራም፤ ማን እንዳለውና የት እንደታተመ ይጠቀሳል። ደግሞ ሰውዬ አይደለሁም፤ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት አያት ነኝ።»

ፍሬን ሳታስበው ሳቀች። «እሺ እማማ፣ ያስተምሩኝ። ግን ስማር ጨቅጫቃ ነኝ።»

«እኔም ሳስተምር እንደዚያው ነኝ።»

ባዶ ቦታ ብቻ መተው ለፍሬን አልበቃትም፤ ገጹን ሙሉ ልትጽፈው ቆርጣ ተነሣች። የልጅቷ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጤና ባለሙያዎች የሚማሩበትን መመሪያ አመጣች፤ መጥረጊያ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት የሕክምና መጻሕፍት አገላብጣ አገኘች። አንዷ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ታርማለች፣ መሃል ላይ ይጣላሉ።

«‹አሳፋሪ› የሚለው ቃል ይውጣ» አለች መጥረጊያ።

«ለምን? አሳፋሪ አይደለም?»

«ነው። አንባቢው ራሱ ይፈር።»

ሌላ ቀን ፍሬን «ሲጥለው ምላሱን እንዳይነክስ ማንኪያ ጥርሱ መሃል ይግባ» ብላ ጻፈች። መጥረጊያ እንደ ልማዷ ምንጩን ጠየቀቻት። ፍሬን «ይሄማ የታወቀ ነው» እያለች መመሪያውን ገለጠች፤ አፉ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይገባ፣ ጥርስ ሊሰበር፣ ሊያንቅም እንደሚችል ይላል። ለዚሁ ብላ ዓመታት ቦርሳዋ ውስጥ የያዘችውን ማንኪያ አውጥታ ኩሽና ወረወረችው። የራሷንም ዓረፍተ ነገር በራሷ እጅ ደመሰሰች።

ገጹ ሲያልቅ መጀመሪያ ያነበበችው ልጅቷ ናት። «ሰው አይክበበው የሚል የለውም» አለች። «ስነቃ የሚያመኝ እሱ ነው።» መመሪያው ውስጥ ፈለጉት፤ ተጽፏል። ጨመሩት።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬን የደንብ ልብሷን የለበሰች ልጇን ይዛ፣ ማንም ሳይጠራት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። «ያቺን ገጽ አሁን ይክፈቷት» አለችው።

ዳይሬክተሩ አነበበ። እንደማይተላለፍ ይላል። ሲጥለው ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር እንዲደረግ፣ በጉልበት እንዳይያዝ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ እንዲተኛ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና እንዲወሰድ ይላል። አንብቦ ሲጨርስ የጸሐፊዎቹን ስም ዝርዝር አየና ቀና አለ። «‹ፍሬን› እርስዎ ነዎት አይደል? ራስዎ የጻፉትን እንዴት ብዬ አምናለሁ?»

«አይመኑኝ!» አለች ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ። «ያኛውን ማን እንደጻፈው እንኳን ሳያውቁ አምነው ልጄን አባረሩ። እኔን አይመኑ። ከያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኋላ ያለችውን ቁጥር ይንኩና ማን እንዳለው ራስዎ ያንብቡ። እኔ እንደሆን ጊዜ አለኝ።» እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ነካ፣ አነበበ። ደግሞ ነካ። ላቡን ጠረገ። «ወላጆቹን ምን እላቸዋለሁ?»

«ያነበቡትን።»

«ቢቆጡስ?»

«ይቆጡ። እኔም ተቆጥቼ ነው የተማርኩት።»

«እንግዲያው ስብሰባ ልጥራና ከዚያ በኋላ...»

«ይጥሩ። ልጄ ግን ስብሰባ አትጠብቅም፤ ደወሉ ተደውሏል።»

ዘወር ሲሉ ልጅቷ የለችም። ቦርሳዋን አንግታ ወደ ክፍሏ ሄዳለች።

ስብሰባው በሳምንቱ ተጠራ፤ አዳራሹ ጢም አለ። አንድ አባት ብድግ ብሎ ልጁን ከእሷ አጠገብ እንደማያስቀምጥ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ከመሬት ነቅሎ፣ «ከፈለጉ የእርስዎን ልጅ ቦታ እንቀይራለን፤ እሷ ግን ከቦታዋ አትነሣም» አለ።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?» አለ ሰውዬው ዙሪያውን እያየ።

ፍሬን ልትነሣ ስትል ባሏ ትከሻዋን ያዝ አደረጋትና ራሱ ቆመ።

«የእኔ ናት» አለ። «አባቷ እኔ ነኝ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ እስኪነጋም ቢሆን እመልሳለሁ።»