አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ

ነርስ ኩምሳ ከአንገቱ በጥቁር ክር ያንጠለጠላት የሩጫ ሰዓት ነበረችው። ሚስቱ ዘርፈሽ «ከቀለበትህ አስበልጠህ እሷን ትጠብቃለህ» ትለዋለች፤ ሐሰት አይደለም። ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ጥሎ አግኝቶታል፤ ሰዓቷ ግን አንድ ቀንም ከአንገቱ ወርዳ አታውቅም። ፓስተሩ ስብከት ሲያስረዝሙ እንኳ ይለካቸዋል። ምእመኑ ይህን ያውቃል፤ ፓስተሩም ያውቃሉ።

በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሚሠራበት የዕርዳታ ድርጅት ነገሌ ቦረና ውስጥ የሦስት ቀን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና እንዲሰጥ አዘዘው። ኩምሳ ለዚሁ ብሎ አርባ ሁለት ገጽ ማኑዋል አዘጋጀ። ራሱ ጻፈው፣ ራሱ አረመው፣ ማታ ማታም ራሱ እያነበበ አደነቀው።

ማኑዋሉ የመጀመሪያውን ጉዳት ያስተናገደው በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ኩምሳ «እሳት ያቃጠለውን ቦታ ሃያ ደቂቃ በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ሥር ማቆየት ነው። ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም» ሲል ጨርቅ ነጋዴው ዓብዱሰመድ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ በኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ የተቃጠለ ሰውስ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኩምሳ «ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይቻላል» አለና በማኑዋሉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈው። ትሑት መሆኑን ያዩለት ዘንድ ጽሑፉን ትንሽ አጎላው።

የኩራቱ ማዕከል ግን ገጽ ስድስት ነበር። እዚያ ላይ በወፍራም ፊደል እንዲህ ይላል፦ አንደኛ፣ ቦታው ለራስህ አደገኛ አለመሆኑን አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ስምህን ተናግረህ ለመርዳት ፈቃድ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ ታካሚው በግልጽ ቃል ሳይፈቅድ አትንካ። ተማሪዎቹ ይህን እንደ መዝሙር ሸመደዱት። የአጸደ ሕፃናት መምህርቷ ቤቴል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ሌላው ኩራቱ ድንገተኛ ልምምድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሻይ ሰዓት ላይ በሩ ሥር ተዘርሮ ወደቀ። በሁለተኛው ቀን እጁን በቲማቲም ድልህ ለውሶ «ደሜ! ደሜ!» እያለ ገባ። ዓብዱሰመድ በዐሥራ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ቁስሉን ጫነና ኩምሳ ከወለሉ ላይ እንደተጋደመ አጨበጨበለት። ሁለቱም በጣም ተደሰቱ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የተግባር ፈተና ሆነ። ያለፈ ሰው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ፋሻና መቀስ፣ ጓንትና መጠቅለያ ያለበት ሣጥን ይወስዳል። ከሃያው ሠልጣኞች ሣጥኑን አብልጠው የፈለጉት አዴ ዲንቄ ነበሩ። አዴ ዲንቄ ወደ አሬሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ መንደር የመጡ ወተት ሻጭ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ሳይሞላ አይቀርም፣ ማንበብ አይችሉም፣ የሰሙትን ግን አይረሱም። መንደራቸው ከጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ እግሩን በመጥረቢያ መትቶ ደሙን የሚያቆሙበት ንጹሕ ጨርቅ አጥተው እንደነበር በመጀመሪያው ቀን ተናግረዋል።

ለፈተናው ወለሉ ላይ እግር የሌለው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ተጋድሟል። ራሱን የሳተ ሰው ነው ተባለ። ኩምሳ ሰዓቷን ተጫነ። አዴ ዲንቄ ከአሻንጉሊቱ አጠገብ ተንበረከኩ።

«አካም? ናጋ?» አሉት፤ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው።

አሻንጉሊቱ ዝም አለ። አዴ ዲንቄ ቀና ብለው ኩምሳን አዩት። ቦረና ምድር ላይ የሰላም ጥያቄ እንዲሁ አየር ላይ አይተውም፤ ኩምሳም እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነውና አፉ ሳያማክረው «ናጋ» አለ።

«ጆሌን ናጋ?»

ልጆቹም ደህና ናቸው፣ «ናጋ።»

«ሎን ናጋ?»

ከብቶቹም ደህና ናቸው። ፍየሎቹም፣ ግመሎቹም፣ ጎረቤቱም፣ ዝናቡም። አዴ ዲንቄ እጃቸውን ወደ አሻንጉሊቱ ደረት ሲሰዱ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ አልፎ ነበር።

ኩምሳ ሰዓቷን አቆመ። «አዴ ዲንቄ፣ ታካሚዎ ሞቷል።»

«ምነው፣ አሁን ደህና ነበር!»

«አሻንጉሊት ነው እኮ አዴ። ለምን ሰላም ይሉታል?»

«ሰው ነው ብላችሁ አስቡ ያልከን አንተ ነህ። ሰው ከሆነ ሰላም ሳልለው ደረቱን ልጨብጠው? ሌባ ነኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኩምሳ አልሳቀም፤ ሕግ ሕግ ነው። በወረቀቱ ላይ «ውድ ጊዜ በሰላምታ አባክነዋል፤ አላለፉም» ብሎ ጻፈና ቀኑን ሳይቀር አሰፈረ። አዴ ዲንቄ አልተከራከሩም። ሣጥኖቹ የተደረደሩበትን ማዕዘን አንድ ጊዜ አይተው የወተት ዕቃቸውን አነሱና ከግራሩ ጥላ ሥር ሊቀመጡ ወጡ።

ምሳው ሩዝ በፍየል ሥጋ ነበር። ኩምሳ ገበታው ራስ ላይ ተቀምጦ በገጽ ሠላሳ አንድ ስላለው ርዕስ፣ ስለ ትንታ፣ ለቤቴል እያስረዳ ነበር። «ሰው የሚታነቀው» አለ ሥጋ እየጎረሰ፣ «እየበላ ሲያወራ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምንም አላለም።

ሥጋው ከነቅንጣቢ አጥንቱ ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ አየር የሚባል ነገር ጠፋ። ሊያስል ሞከረ፤ ድምፅ የለም። ስለዚህ ራሱ ያስተማረውን ምልክት አሳየ፤ ተነሥቶ ሁለት እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ።

«ጀመረ!» አለ ዓብዱሰመድ በደስታ። «ሦስተኛው ልምምድ ይኼ ነው! ልክ ሥዕሉን አይመስልም?»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ቤቴል ሰዓቷን ከአንገቱ በጥንቃቄ አውልቃ ተጫነቻት። ዓብዱሰመድ የጠረጴዛውን ሥር፣ ጣሪያውንና መስኮቱን አየ። «ቦታው አደገኛ አይደለም» ሲል አስታወቀ። ከዚያ ፊቱ ቆሞ «ስሜ ዓብዱሰመድ ነው። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሠልጥኛለሁ። ልርዳዎት?» አለው።

ኩምሳ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንገቱ እስኪነቀል ነቀነቀ።

«እሺ ማለታቸው ነው» አለች ቤቴል።

«ገጽ ስድስት ‹በግልጽ ቃል› ይላል። ጠዋት አሻንጉሊቱን ፈቃድ ሳልጠይቅ ነክቼ ሁለት ነጥብ የቀነሱብኝን ረሳሽው? ዛሬ አልሸወድም።» ዓብዱሰመድ እጁን አጣምሮ የኩምሳን መልስ ጠበቀ።

ኩምሳ ጠረጴዛውን ደበደበ። ብርጭቆ ተገለበጠ። ከኋላ የተቀመጡት «ትናንት ከነበረው ይህ ይበልጣል!» እያሉ አደነቁት። ዓይኑ እየደበዘዘ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ ኩምሳ ያየው የሚስቱን ፊት አልነበረም፤ ገጽ ስድስትን ነበር። እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድላለች፤ «መልስ መስጠት የማይችል ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል» የምትል። አራት ጊዜ አርሞታል፤ አራት ጊዜም አላያትም። በገዛ ስሕተቱ ሊሞት ነው፣ ያውም በወፍራም ፊደል።

«አርባ ሰከንድ» አለች ቤቴል።

በዚህ ጊዜ አዴ ዲንቄ ሊሰናበቱ ገቡ። ከበሩ ላይ ቆመው ቤቱን በሙሉ «ናጋ?» አሉ፤ ቤቱም «ናጋ» አለ። ከዚያ እንደ ወጉ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«አካም መምህር? ናጋ?»

ኩምሳ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

«ጆሌን ናጋ?»

ምንም።

አዴ ዲንቄ የወተት ዕቃውን ጣሉት። «ይህ ሰው እየሞተ ነው!»

«ይጫወታሉ እኮ አዴ!»

«የሚጫወት ሰው ሰላምታ ይመልሳል! ዞር በል!»

ዓብዱሰመድን በክርናቸው ገፍተው ኩምሳን ወደፊት አጎነበሱትና በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋቸው መቱት። ኩምሳ ቆጠረ፤ አምስት፤ ልክ ነው። አልወጣም። ከኋላው ዞረው አቀፉት፤ አርባ ዓመት ላም ያለበ ቡጢ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ተተከለና ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳበው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ሥጋው ተወርውሮ የዓብዱሰመድ ሻይ ውስጥ ገባ።

አየር ገባ። ኩምሳ ወንበር ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ማልቀሱን ግን ማኑዋሉ በምልክትነት አልጠቀሰውም። ዓብዱሰመድ ሻዩን እያየ ደርቆ ቀረ። ቤቴል ሰዓቷን ማቆም ረሳች።

አዴ ዲንቄ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና ፊቱ ቆሙ። ያቋረጡት ነገር ነበር።

«ናጋ?»

«ናጋ» አለ ኩምሳ፤ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር።

«ሎን ናጋ?»

ኩምሳ ያለው አንዲት ዶሮ ነበረች። «ናጋ» አለ። እስከ ዝናቡ ድረስ አንድም ሳያስቀር መለሰ።

«ሆዱ የተጫነ ሰው ሐኪም ይየው ብለሃል» አሉና በባጃጅ ራሳቸው ወሰዱት። መንገድ ላይ ኩምሳ እንደ ልማዱ ነገሩን በልቡ ይለካ ጀመር። ሁለት ጥያቄ፤ ቢበዛ አምስት ሰከንድ።

«አዴ» አለ፣ «እኔ ላይ አምስት ሰከንድ ነው የፈጀብዎት። ጠዋት አሻንጉሊቱ ላይ ለምን ያን ያህል ቆዩ?»

አዴ ዲንቄ እንደ ሞኝ አዩት። «ዝም ብሎኝ ቢሆን ወዲያው አልነካውም ነበር? መለሰልኝ እንጂ! ናጋ፣ ናጋ እያልክ በሱ ፋንታ የመለስከው ማን ሆነና? ልጆቼም ከብቶቼም ደህና ናቸው የሚልን ሰው ምን ብዬ ደረቱን ልጫነው?»

ኩምሳ ከኪሱ የተጣጠፈውን የፈተና ወረቀት አወጣ። ባጃጁ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲያንገጫግጨው «አላለፉም» የሚለውን ሰረዘ። ሥሩ «አልፈዋል። ታካሚውን የገደለው ፈታኙ ነው» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።

«ምን ይላል?» አሉ አዴ ዲንቄ።

«ሣጥኑ የርስዎ ነው ይላል።»

«ይኼን ሁሉ ጽፈህ ያን ብቻ ነው የሚለው?»

«ሌላው ስለኔ ነው» አለ ኩምሳ።