የማንያህልሻል እግር

እንጂማ ጫማው ምን አደረገ፣ ጫማው የወንድ ስኒከር ነው፣ ሰፊ፣ ራሷ ናት ከወንዶቹ መደርደሪያ ያነሳችው፣ ጉዱ ያለው እግሯ ላይ ነው፣ ጫማ አውልቆ ቤተክርስቲያን መግባት ባይኖር ማን ያይባት ነበር፣ እትዬ ህብረት ጎንበስ ብላ፣ ውይ ማንያህልሻል፣ ይሄ እብጠት ኩላሊት እንዳይሆን፣ ብላ ቅዳሴው ሳይጀመር ለግማሹ ሴት አዳረሰችው። ኩላሊት። ምነው አፏን በያዘው።

ማንያህልሻል የክሊኒኩ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ የተነጠፈው ወረቀት በተነቃነቀች ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ልጇ ሀኒ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ስልኳን ትነካካለች፣ ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠምጥማ ጭምቅ፣ ጭምቅ፣ ከዚያ ፊሽሽ፣ መቶ ሰባ ስምንት። ነርሷ ቅንድቧን ታነሳለች። ማንያህልሻል ጣሪያውን ታያለች።

ለምን ከፍ እንዳለ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል፣ የግፊት ኪኒኗ፣ አምሎዲፒኑ፣ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በአፏ አልዞረም፣ ብልቃጡ መሳቢያ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትጠጣው ጸበሏን ብቻ ነው። ባለውለታዋ ነበር እኮ ያ ኪኒን፣ የመጀመሪያ ሰሞን ፊቷን እንደ ምድጃ ቢያግለውም ማጅራቷን ጨምድዶ የሚይዛትን ነገር አስለቅቋታል፣ ግን ቁርጭምጭሚቷ ተነፋ፣ የካልሲው ላስቲክ ቦይ አወጣባት። የወንድሟ የወልደሚካኤልም ኩላሊት በእግር ነው የጀመረው፣ ከዚያ የደም ማጠቢያ ማሽን፣ ከማሽኑ በኋላ ደግሞ… ተይው። ተይው ማንያህልሻል። ኩላሊት ከሆነ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ፣ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካርቶን ማንሳት የለ፣ ሀኒም ትምህርቷን ጥላ እናቷን ለማሽን ልታመላልስ ነው፣ እንግዲያ አለማወቅ ይሻላል፣ ያልተነገረ በሽታ በሽታ አይደለም፣ ነው እንዴ?

ዶክተሯ ትገባለች፣ ረጅም፣ ፈገግተኛ፣ ባለ ጎማ ታብሌት እየገፋች፣ ከታብሌቱ ውስጥ የሰው ድምፅ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ። የዲያቆን ድምፅ! የኛ ደብር ሰው ይሆን እንዴ፣ ኮሎምበስ እንደሆነ ለሐበሻ አንድ መንደር ናት፣ ዛሬ እዚህ ያሉት እሁድ እዚያ ይደርሳል።

እንዴት ነዎት ትላለች ዶክተሯ። እግዚአብሔር ይመስገን። ራስ ምታት አለ? እግዚአብሔር ይመስገን። የእግር እብጠትስ? እግዚአብሔር ይመስገን። ታብሌቱ፣ ይቅርታ እናቴ፣ ምን ብዬ ልንገራት፣ አለ ነው የለም?

እሱም እኮ እውነቱን ነው። በኛ ወግ እግሩ የተሰበረም ሰው መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ጠያቂው ሦስት ጊዜ ሲደጋግም፣ አይ እንግዲህ ካልሽማ ትንሽ እግሬን፣ ይባላል፣ እነዚህ ግን አንዴ ጠይቀው ያልሽውን ይዘው ይሄዳሉ። የለም፣ ትላለች ማንያህልሻል። ኪኒኑን በየቀኑ ይወስዳሉ? አዎ። ኧረ በጾም ውሸት! ምላሷ እንዴት ቀለል አደረገው።

ዶክተሯ ትተክዛለች፣ እንግዲህ ኪኒኑ አልበቃዎትም ማለት ነው፣ እጥፍ እናደርገዋለን።

እጥፍ። በነጠላው እንዲህ የሆነ እግር በእጥፉ ምን ሊሆን ነው፣ ዝምታዋ መድኃኒት ሆኖ በብልቃጥ ሊሰጣት፣ አሁን ካልተናገረች ወይ እግሯ ወይ ጭንቅላቷ አንዱ ይፈነዳል፣ ተናገሪ እንጂ፣ አፍሽን ምን ያዘው። ሀኒ ቀና ትላለች፣ ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? አፏ እንቢ አለ፣ እጇ ግን ይሄዳል፣ ጎንበስ ትላለች፣ ክሩን ትፈታለች፣ ጫማ፣ ካልሲ፣ ይኸውልሽ ዶክተር፣ እዪው፣ አልዋጥኩትም፣ ጾሙ ከገባ አልዋጥኩትም፣ ዋሸሁሽ።

ዶክተሯ አትቆጣም። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ትልና እግሯን በእጇ ትይዘዋለች፣ ከጸሎተ ሐሙስ ሌላ እግሯን የነካ ሰው የለም፣ በአውራ ጣቷ ጫን፣ ጉድጓዱ ለአፍታ ይቀራል። ካቆሙት ወዲህ ጎድሏል? ጎድሏል እንጂ፣ ያኔማ ይሄ ጫማም አይገባ ነበር፣ ጸበሉ ነው የቀነሰው ብዬ። ዶክተሯ ትስቃለች፣ ደግ ሳቅ፣ ጸበሉን ይጠጡ፣ ማንም አይከለክልዎትም፣ ግን ኪኒኑ ሲቆም እብጠቱ ከጎደለ ያሳበጠዎት ኪኒኑ ነው፣ ደም ስርን ያላላል፣ ደሙ ሳይገፋ እንዲሄድ፣ የላላው ስር ደግሞ ውሃ ያሳልፋል፣ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል፣ ብዙ ሰው ላይ ይታያል።

ኩላሊቴስ?

የባለፈው ምርመራ ጥሩ ነው፣ ዛሬም ደግመን እናያለን። አምሎዲፒኑን በግማሽ እንቀንሰውና ሌላ ዓይነት እንጨምርበታለን፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ብቻ በራስዎ አያቁሙ፣ ከከፋብዎት ይደውሉልኝ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ግን ከራሱ ጨምሮ፣ አይዞዎት እናቴ። የየትም ደብር ይሁን፣ ይባረክ።

ወልደሚካኤል፣ ወንድሜ፣ አንተም ጫማህን አውልቀህ ቢሆን።

መኪናው ውስጥ ፀሐዩ ከፊት ለፊት ነው፣ ሀኒ በቤክስሊ ሰፈር በኩል ትነዳለች፣ አፍንጫዋን ሽቅብ ትስባለች፣ ልጅቷ አልቅሳለች እንዴ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ቴል ሚ፣ ማሚ። ምን ብዬ ልንገርሽ የኔ ልጅ፣ አንቺም አንዴ ነው የምትጠይቂው። ሀኒ ትስቃለች፣ ቀይ መብራት ላይ ዞር ትላለች፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እሺ፣ እግርሽ እንዴት ነው? እንዴት ነው? እንዴት ነው?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይላል አፏ፣ እንደ ልማዱ፣ ግን ዛሬ እዚያ ላይ አይዘጋም፣ ቀኙ ቀሎኛል፣ ግራው ገና ይከብደኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ያቃጥለኛል፣ ጥርሴን ስፍቅ ድዴም ያበጠ ይመስለኛል፣ ውይ፣ እሱን አልነገርኳትም፣ ሀኒ፣ ዙሪ፣ መብራቱ ሳይለቅ ዙሪ፣ ዶክተሯ ሳትወጣ እንድረስባት፣ ገና ያልነገርኳት አለ።