ቲቸር ወይንሸትና መቶ አሥራ ስምንተኛዋ

1.

«ቲቸር፣ አቦ ውጪልን።»

ይህን ያለው ሙክታር ነው፤ የቤቱ ጌታ። የተባለችው ደግሞ ቲቸር ወይንሸት ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለ ስፖርት ያስተማረችው፣ ዛሬ የስልሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የግራንድ ስላም የቴኒስ ውድድር የሴቶች ፍጻሜ ይታያል። ቤቱን የሞሉት ሃያ ምናምን ወንዶች በሙሉ የሚደግፉት እሷ የምትደግፋትን ተጫዋች ነው። ያም ሆኖ እንድትወጣላቸው ይፈልጋሉ።

አልወጣችም።

ታሪኩ ይኸው ነው። የቸኮልክ ከሆነ እዚህ ላይ ልትተወው ትችላለህ። ለምን ውጪ እንዳሏትና ለምን እምቢ እንዳለች ሳልነግርህ ብቀር ግን እኔን ያንገበግበኛል።

2.

ድሬዳዋ፣ ከዚራ።

የአዲስ አበባ አንባቢ «ለገዛ አስተማሪው አንቺ ይላል እንዴ?» ብሎ ቅንድቡን እንዳያነሳ አስቀድሜ ልናገር። ድሬ ነን። እዚህ አንቱ የሚባለው ወይ እንግዳ ነው ወይ የተጣሉት ሰው ነው። አንተንም አንተ የምልህ ለዚሁ ነው።

የሙክታር ቤት ጠዋት ሻይ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ማሳያ ነው። በሰፈሩ የቴኒስ ቻናል የሚይዘው የእሱ ዲሽ ብቻ ነው። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ትልልቆቹ ውድድሮች ሲመጡ ቲቸር ወይንሸት ከቬንትሌተሩ ሥር ካለችው የብረት ወንበር ጠፍታ አታውቅም። እቤቷ ያለው ቴሌቪዥን ዜናና ድራማ ነው የሚያሳየው። ያቺ ወንበር ከሌለች ለእሷ ቴኒስ የለም።

3.

በነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የደገፈቻቸው፣ ራሷ ባወጣችላቸው ቅጽል፦

ፋሻው። ጉልበቱን ጠቅልሎ የሚጫወት። ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ።

አጭሬዋ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች።

ሁለት ጊዜ ጡረታ ወጥቶ የተመለሰው ሰውዬ። ተሸነፈ፤ ሦስተኛ ጊዜ ጡረታ ወጣ።

ጫማው መሐል ጨዋታ ላይ አፉን የከፈተበት ልጅ። ተሸነፈ።

ግራኟ። ፍጻሜ ደርሳ ተሸነፈች። የዚያን ሳምንት ቲቸር ወይንሸት ከሰው ጋር አልተነጋገረችም።

ሳቂታዋ። እየሳቀች ተሸነፈች።

ዝርዝሩ ይቀጥላል። መጨረሻው አንድ ዓይነት ስለሆነ አላሰለችህም።

4.

ዶይና ሩሱ። ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ። አገር ሞልዶቫ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በሙክታር ቤት የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም። በዓለም ደረጃ መቶ አሥራ ስምንተኛ። ደረጃዋ በቀጥታ ስለማያስገባት ሦስት የማጣሪያ ጨዋታዎችን አሸንፋ ነው በጓሮ በር የገባችው። አሠልጣኝ የላትም። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ቀለም ያለው መጠጥ ሲጎነጩ እሷ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ትገምጣለች።

የቲቸር ወይንሸትን አንጀት የበላው ያ ዳቦ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ይቺ የኔ ናት» አለች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ዶይና ስትሰብክ ከረመች። ከኳስ ሌላ ስፖርት ያለ የማይመስላቸው ሰዎች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰጡ። ባለ ባጃጁ ሽመልስ፣ እሱም የድሮ ተማሪዋ፣ ከባጃጁ ጀርባ የእንግሊዝ ክለቡን ዓርማ ልጦ «ዶይና» ብሎ አጻፈ። ሚስቱ ዶይና ማን ናት ብላ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች።

የፍጻሜ ተጋጣሚዋ የዓለም አንደኛ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የሚጽፍላት ሰው ሞልቷል። እዚህ ቤት እቴጌዋ ነው የሚሏት።

5.

ዶይና ለፍጻሜ ባለፈች ዕለት ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቲቸር ወይንሸት ደስታዋን ይዛ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ሽመልስ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ገታ አድርጎ «ቆይ ግን» አለ። «ቲቸር የደገፈችው ሰው ዋንጫ በልቶ ያውቃል?»

በጣቶቻቸው ቆጠሩ። ጣት አለቀባቸው።

ሁሉም ዞረው ባዶዋን የብረት ወንበር አዩዋት።

6.

መላው የሙክታር ነበር። ስልክ ደወለና ጨዋታው አሥራ አንድ ሰዓት ነው አላት። የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ትመጣለች፣ ዋንጫው ሲነሳ ታያለች፣ እልል ትላለች፤ ማን ተጎዳ?

ሒሳቡ ልክ ነበር። ስሕተቱ ሌላ ነው፤ ያውም የእሷ ተማሪ የነበረ ሰው ሊሠራው የማይገባው ስሕተት። ቲቸር ወይንሸት ሠላሳ ዓመት ስታስተምር በሰዓቱ ደርሳ አታውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድማ ነው የምትደርሰው፤ ሜዳውን ጠጠር ለቅማ ነው የምትጠብቃቸው። ሙክታር በዚያ ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ሲወድቅ ጉልበቱ አልተጋጠም። ለምን እንዳልተጋጠ ግን አስቦት አያውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ ከች አለች።

7.

ቴሌቪዥኑን አየች። ሙክታርን አየች። ሙክታር ወደ ሻይ ብርጭቆዎቹ ዞረ።

ስድስት ጌም የሞላላት ዙሩን፣ ሁለት ዙር የወሰደች ዋንጫውን ትወስዳለች፤ ዶይና የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለሁለት ወስዳለች። በሁለተኛው ዙር፦

3 ለ 1

ቲቸር ወይንሸት ተቀመጠች።

3 ለ 2

3 ለ 3

3 ለ 4

3 ለ 5

3 ለ 6

8.

ገደ ቢስ።*

* ገዱ የማይቀና ማለት ነው። ጮክ ብሎ የተናገረው የለም፤ ሁሉም ግን በሆዱ ብሎታል። ጸሐፊው አንድ ነገር እዚህ ግርጌ ላይ ቢያስመዘግብ ደስ ይለዋል፦ ሙክታር ራሱ ዋንጫ ካየ አሥር ዓመት ያለፈው የእንግሊዝ ክለብ ይደግፋል። እሱን ገደ ቢስ ያለው የለም። ታማኝ ነው የሚሉት።

9.

ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ዙር። እቴጌዋ አምስት ለሁለት ትመራለች። አንድ ጌም ከወሰደች አለቀ። ቃል በቃል እንደተነገረው፦

ሙክታር፦ ቲቸር፣ አቦ ውጪልን።

ወይንሸት፦ ሰዓት ዋሸኸኝ፤ አሁን ደግሞ ታስወጣኛለህ?

ሙክታር፦ ወላሂ ለክፋት አይደለም። ለዶይና ብለን ነው።

ወይንሸት፦ እኔስ ለማን ብዬ ነው የመጣሁት?

ሽመልስ፦ እሺ አትውጪ። እቴጌዋን ደግፊ።

ወይንሸት፦ ምን አልክ?

ሽመልስ፦ አንቺ የደገፍሽው ይሸነፋል፣ አይደል? እቴጌዋን ደግፊያታ። በአፍሽ ብቻ። አንድ ጊዜ «በርቺ» በያት።

(ከኋላ ብዙ ድምፅ፦ እውነቱን ነው። በያት፣ ቲቸር።)

ወይንሸት፦ አልልም።

ሽመልስ፦ ዶይና እንድታሸንፍ አትፈልጊም?

ወይንሸት፦ ከናንተ ሁሉ በላይ።

ሽመልስ፦ ታዲያ አንድ ቃል ምን አላት?

ወይንሸት፦ ልጅቷ እየወደቀች እያየሁ ለምትጥላት አላጨበጭብም።

ሽመልስ፦ አታይሽም እኮ። እሷ የት አገር፣ አንቺ የት አገር።

ወይንሸት፦ እኔ አያታለሁ።

ሙክታር፦ በኋላ እንዳትቀየሚ። ከተሸነፈች ያቺ ወንበር ከነገ ጀምሮ የለችም። ቤቱ ተስማምቷል።

ወይንሸት፦ እሺ።

ሙክታር፦ እሺ አልሽ?

ወይንሸት፦ እሺ አልኩህ። አሁን ዞር በል፣ ጋርደኸኛል።

10.

ይህን ክፍል እሷ ለማንም አልተናገረችም። አንተም አደራህን።

አባቷ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። የባቡር ሠራተኞቹ ክበብ የቴኒስ ሜዳ ነበረው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ እዚያ ሜዳ ላይ ፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ የአንድ ትልቅ ሹም ልጅ ናት። የአባቷ የሥራ ጓደኞች ቱታቸውን እንደለበሱ በአንድ ጎን ተደርድረው «ወይኒ፣ በርቺ!» ይሉ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ሁለተኛውም መዝቀጥ ጀመረ። ኳስ ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል አንዱ የለም። እንደገና ቀና ስትል ሁለቱ የሉም። ወዲያኛው ጎን፣ ጥላው ያለበት፣ ሹሙ የተቀመጠበት ተሻግረዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እነሱ ግን ምሳር እንኳ አላነሱም፣ ጥላ ነው የፈለጉት።

ውጤቱን ጠይቃት፣ አታስታውሰውም። የተሻገሩትን ግን እስከ ዛሬ በየስማቸው ትጠራቸዋለች። አባቷ የዚያን ቀን ሥራ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚመራ ሰው ስታይ አንጀቷ አይላወስም። የሚመራ ሰው በቂ ሰው አለው።

11.

ተሸናፊን እንዴት መደገፍ ይቻላል፦

ከጨዋታው በፊት ምረጥ። አምስት ለሁለት ከሆነ በኋላ የመጣ ደጋፊ አይደለም፣ ለቀስተኛ ነው።

«ድሮም አውቄው ነበር» አትበል። አታውቅም።

ሰው ሲስቅብህ ጆሮ ዳባ ልበስ በል።

ወዲያኛው ጎን ጥላ ቢኖርም እዚሁ ተቀመጥ።

12.

ለእቴጌዋ አንዲት ነጥብ ቀርታታለች። ዶይና ሰርቭ አደረገች፣ እቴጌዋ መለሰች። ዶይና መልሳ የመታችው ኳስ የመረቡን አናት መታ፣ ወደ ላይ ነጠረ፣ የት እንደሚሄድ ግራ እንደገባው ቆይቶ በእቴጌዋ በኩል ጠብ አለ።

ሽመልስ አፉን ከፈተ።

3 ለ 5፣ ከዚያ 4 ለ 5፤ እረፍት።

ዶይና ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦዋን ገመጠች። «ብዪ፣ እናቴ፣ ብዪ» አለች ቲቸር ወይንሸት፣ ለራሷ ያህል።

ጨዋታው ቀጠለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው «ሙክታር፣ ኳስ ተጀምሯል፣ ቀይረው» አለ። ሃያ ምናምን አንገት ዞሮ አየው። ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

5 ለ 5።

አሁን ቤቱ መጮኽ ጀምሯል። ሽመልስ ቲቸር ወይንሸትን ሰረቅ አድርጎ ያያታል፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ከዚያ እሷን። ሒሳቡ አልገጥም ብሎታል። እሷ ተቀምጣለች፣ ዶይና ደግሞ እያሸነፈች ነው፤ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ አይቶ አያውቅም።

6 ለ 5። በሁለት ጌም መብለጥ አለባት፤ አንድ ቀራት።

13.

የዶይና ሰርቭ። አርባ ለሠላሳ። ይህቺን ነጥብ ካገኘች ዋንጫው የመቶ አሥራ ስምንተኛዋ ነው።

ቲቸር ወይንሸት ተነሳች።

ማንም ሳያስወጣት፣ ማንም ውጪ ሳይላት። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደች። ሃያ ምናምን ሰው እንድትወጣ ሲለምናት እንኳ ከወንበሯ ያልተነቃነቀች ሴት! እውነቱን ልንገርህ፦ ፈርታለች። ተሸናፊን መደገፍ ታውቅበታለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች። አንዲት ነጥብ የቀራትን ሰው ግን ደግፋ አታውቅም። ይቺ ነጥብ ብትበላሽስ? ሽመልስ እውነቱን ቢሆንስ? ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ራሷን ገደ ቢስ አለች።

ሙክታር ክንዷን ያዛት።

«የት ነው?»

«ልውጣላችሁ።»

«ቁጭ በይ።»

«ብትሸነፍስ?»

ሙክታር ቴሌቪዥኑን አየ፣ መልሶ እሷን አየ። «ብትሸነፍ ብቻዋን ትሸነፍ እንዴ?» አለ። «ቁጭ በይ፣ ቲቸር። ጋርደሽናል።»

አልተቀመጠችም። አልወጣችምም። ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች፣ የወንበሯን ጀርባ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ገድ የሚባል ነገር ካለ ይምጣና ያውጣኝ፣ አለች በሆዷ። ከኋላዋ የተጋረዱት ሰዎችም አብረዋት ቆሙ።

ዶይና ኳሷን ወደ ላይ ወረወረቻት። ኳሷ አሁን አየር ላይ ናት፣ እኔም እዚያው እተዋታለሁ። ከታች ያለው ቦታ የአንተ ነው፤ የሆነውን ጻፍበት። እቴጌዋን ልትጽፍ ከሆነ አልከለክልህም። ብቻ መጀመሪያ ያቺን ቆማ የምታይ ሴት ፊቷን እያየህ ጻፍ።

14.