አሥራ አንድ ወፍ

ሾላ ገበያ ጥግ ያለው የልብስ ስፌት ዕቃ መደዳ ስምንት ወር ሙሉ ሲፈርስና ሲሠራ ቆይቶ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አለቀ። ጭቃው ቀረ። የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ መብራት ተተከለ፣ የአሥራ አራቱ ሱቆች በር አንድ ዓይነት ግራጫ ተቀባ፤ ለአላፊ አግዳሚው መቀመጫ ሳይቀር ተሠራ። የጎደለው ገዢ ብቻ ነበር።

ገዢ የራቀውም ያለ ምክንያት አልነበረም። መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት የጆሮ ወርቋን ነጠቋት፤ ጆሮዋ ተቀደደ። ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ቦርሳ፣ ደግሞ እንደገና ስልክ። ነጣቂው ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚገባ ያየ ሰው አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ «አዲሱ መደዳ እንዳትሄዱ፣ ጆሮ ይቆርጣሉ» ይባል ጀመር።

ሥርጉት ከመደዳው ሰባተኛዋ በር ላይ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ክርና ገበር ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚችው ሱቅ ነው። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው ስትለይ ትውላለች፤ ሥራ ስታጣ የለየችውን መልሳ ትደባልቅና በማግስቱ እንደገና ትለያለች።

«ዛሬስ ቀናሽ?» አለቻት አንድ ቀን ጎረቤቷ መጋረጃ ሻጯ ሙሚና።

«አንድ መርፌ ሸጥኩ። አንቺስ?»

«አንድ ሰው ገብቶልኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ወንበር ሳብኩለት። ለካ ሽንት ቤት የት ነው ሊለኝ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

የወረዳው ሰዎች መጥተው ቁርጡን የተናገሩት በዚያው ሰሞን ነው። መደዳው ለአዲስ ዓመት ገበያ እንዲደርስ በነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ይመረቃል፤ እስከዚያ ግን የአካባቢው ሰላም ካልተረጋገጠ ምርቃቱ ይሰረዛል። ነጋዴዎቹ ተያዩ። ምርቃቱ ከቀረ የበዓል ገበያ የለም። የበዓል ገበያ ከሌለ ደግሞ ከአሥራ አራቱ ሱቆች መስከረምን የሚያልፈው ስንቱ እንደሆነ ሁሉም በልቡ ያውቀዋል።

የነጋዴዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለ መስቀል ናቸው፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ጨርቅ ነጋዴ። ሁሉንም ሱቃቸው ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«አባቶቻችን ሌባ ሲያስቸግራቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር» አሉ። «አገሩ ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ የጠረጠረውን በስውር ይናገራል። ተናጋሪው ወፍ ይባላል፤ ማንነቱ አይታወቅም። እኛም እንዲያ እናድርግ።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ የስልክ ሽፋን የሚሸጠው ጌድዮን፣ ከነጋዴዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው። «በዚህ ዘመን ምን ወፍ ነው? ካሜራ እናስገጥም።»

«ካሜራውንማ ባለፈው ሳምንት ሰረቁት እኮ!» አለች ሙሚና። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኃይለ መስቀል ግን አልሳቁም።

ደንቡ እንዲህ ሆነ። እያንዳንዱ ባለ ሱቅ በየሃይማኖቱ ይምላል፤ የጻፈውን ለማንም ላይናገር። አንድ ስም ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ባዶ ወረቀት የተገኘ እንደሆነ ከመካከላችን ሌባ የሚደብቅ አለ ማለት ነውና ሁሉም እንደገና ይጽፋል። አንድ ወፍ ብቻውን አይታመንም። ሦስት ወፍ አንድ ስም ከጠራ ግን የተጠራው ሰው ከመደዳው ይወጣል።

ሥርጉት ወረቀቷን ይዛ ባንኮኒዋ ላይ ተደፋች። ማንን ትጻፍ? ሌባ ሲሰርቅ አላየች። ጌድዮን ጋ በሞተር ብስክሌት የሚመላለሱትን ጎረምሶች ትጠረጥራለች፤ ግን ጥርጣሬ ነው። የአንዱን ስም ብትጽፍና እንደሷ የጠረጠሩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ቢጽፉት፣ ያላየችውን አየሁ ብላ የሰው ልጅ ማቃጠሏ ነው። ባዶውን እንዳትከተው ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም።

ቀና ስትል በመደዳው ጫፍ፣ ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር፣ ኢዶሳን አየች። ኢዶሳ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው። ሱቅ የለውም፤ መንገዱ ጭቃ ሳለ ጀምሮ እዚያችው ቦታ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። የአሥራ አራቱም ሱቆች ትርፍ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። ሙሚና ለሶላት ስትሄድ ሱቋን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሥርጉት ልጇ የታመመ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ዚፕ የሸጠላት እሱ ነው።

ያን ጊዜ መላው መጣላት። የኢዶሳን ስም ብትጽፍ ማን ሁለተኛ ይጽፈዋል? በምድር ላይ ማንም! ወረቀቷ ብቻዋን ትወድቃለች፣ ማንንም አትጎዳም። ባዶ ከመስጠት አይለይም። ጻፈችው፤ አጠፈችው፤ ሳጥኑ ውስጥ ስትከተው እንዲያውም ቀለል አላት።

ወረቀቶቹ የተነበቡት በማግስቱ ከቀትር በኋላ በጋሽ ኃይለ መስቀል ሱቅ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ፈቱ።

«ኢዶሳ።»

ሥርጉት አንገቷን ደፋች። የኔዋ ናት፣ አለች በልቧ።

«ኢዶሳ» አሉ ሁለተኛውን ፈተው።

ሦስተኛው የአንድ የሰፈር ዱርዬ ስም ነበር። አራተኛው ኢዶሳ። አምስተኛው ኢዶሳ። ከዚያ በኋላ፣ ከሁለት ወረቀቶች በስተቀር፣ የሚሰማው የወረቀት መንኮሻኮሽና ያው አንድ ስም ብቻ ሆነ። ጌድዮን ጥፍሩን ይበላል። ሙሚና የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ማንም ማንንም አላየም። ሲቆጠር አሥራ አንድ ወፍ ኢዶሳን ጠርቷል። በመስተዋቱ በኩል ኢዶሳ ይታያል፤ ጎንበስ ብሎ የጃንጥላ ሽቦ ያቃናል።

ሲነገረው ሳቀ። «ተዉ እንጂ፣ ቀልዱን ተዉና ሥራዬን ልሥራበት» አለ። የሚስቅለት ሲያጣ የሁሉንም ፊት በተራ አየ። ከዚያ ከመሣሪያ ሳጥኑ የቁልፎቹን ማሰሪያ አወጣ፣ እየፈታም ከበር እስከ በር ዞሮ ለየባለቤቱ በእጁ አስረከበ። ሥርጉት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሥርጉት ልጄ፣ አሥራ አንዱ እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

አልዋሸችም። አሥሩን አታውቅም።

ኢዶሳ በሄደ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ተማሪ በመደዳው መካከል ስልኳን ተነጠቀች። ልጅቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ሥርጉት ውኃ ሰጠቻትና በቀጥታ ወደ ጋሽ ኃይለ መስቀል ሄደች።

«ሰምተዋል ጋሼ? ኢዶሳ እንጦጦ ቤቱ ተቀምጦ እዚህ ስልክ ተነጠቀ።»

«ቀስ በይ። የወረዳው ሰዎች እንዳይሰሙ። ሌባው ተገኝቷል፣ ወጥቷል ብለን ነግረናቸው ምርቃቱ ጸድቋል።»

«እኔ እኮ የጻፍኩት . . .»

«መሐላ አለብሽ!»

«ብምልስ! ሌባ ነው ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ማንም አይጽፈውም ብዬ ነው።»

ሽማግሌው የያዙትን አቡጀዲ ማጠፍ ተዉ።

«አንቺም?» አሉ።

ሥርጉት ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ጋሽ ኃይለ መስቀል ጨርቁን እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። «ከቅዳሜ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። «ከቅዳሜ በፊት ከተነገረ አሥራ አራታችንም አለቅን።»

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ወደ እንጦጦ ወጣች። የኢዶሳ ቤት ከኪዳነ ምሕረት ወረድ ብሎ ከባሕር ዛፉ መካከል ነው። ሚስቱ አያንቱ በሩ ላይ ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

«ግቢ» አለቻት ሳትስማት። «የገበያው ወሬ ከአንቺ ቀድሞ ደርሷል። ዛሬ የውኃ ሰልፍ ላይ ጀሪካኔን አውጥተው ወረወሩት። የሌባ ሚስት ይጠብቅ አሉ።»

ኢዶሳ መደብ ላይ ተቀምጧል። ሥርጉት አልተቀመጠችም። እንደቆመች፣ ከእግሩ በላይ ሳታይ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ እንዴት እንዳሰበች፣ ለምን እንደጻፈች፣ ሌሎቹም እንዲያ ሳያስቡ እንዳልቀሩ።

«እንግዲያ ስለምታምኑኝ ነው የጣላችሁኝ?» አለ ኢዶሳ።

ሥርጉት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ብትጠረጥሩኝ ይሻል ነበር። የተጠረጠረ ሰው ይከራከራል። እኔ ምን ብዬ ልከራከር?» ጥቂት አሰበ። «ቅዳሜ ሰው ይሰበሰባል አይደል? በሰው ፊት ተናገሪ። አሥሩን አልፈልግም፣ ተያቸው። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

«አንድ ወፍ አይታመንም ይላሉ እኮ ጋሼ።»

«አንቺን ያምኑሻል። እኔም አምንሻለሁ።»

«እናገራለሁ» አለች። «ኪዳነ ምሕረትን እናገራለሁ።»

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ፣ ሙዚቃ ተከፈተ፣ ሪባን ተቆረጠ። ሰው ጎረፈ። ሥርጉት ያን ያህል ሰው በዚያ መንገድ ላይ በዕድሜዋ አላየችም። ሙሚና ገና ረፋዱ ላይ ሁለት ጣቃ መጋረጃ ጨረሰች፤ ጌድዮን የሚያስተናግደው ደንበኛ በዝቶበት ላብ በላብ ሆነ። የሥርጉት ሱቅ በር ላይ ልብስ ሰፊዎች ተሰልፈው ነበር።

ኢዶሳ ለምርቃቱ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የታጠበ ኮቱን ለብሶ ቆሟል።

ከነጋዴ ሴቶች አንዷ ትናገር ሲባል ሥርጉት እጇን ቀድማ አነሣች። ማይኩ ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ኢዶሳ ስትነሣ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ሥርጉት አፏን ከፈተች። ከፊቷ የወረዳው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ጋሽ ኃይለ መስቀል ጭንቅላታቸውን ወደ መሬት ደፍተዋል፤ ከኋላ ደግሞ የሷ በር፣ የተሰለፉት ሴቶች፣ ከባንኮኒው ጀርባ ትልቋ ልጇ በሁለት እጇ ሁሉን ለማስተናገድ ስትራወጥ።

«እ . . . እንደሚታየው» አለች፣ «መደዳችን አምሯል። ሰላማችንም ተመልሷል። ለደከሙልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ተጨበጨበ። ማይኩን ከእጇ ተቀበሏት።

ሱቋ ገባች። ሰፊዎቹ ከበቧት፤ አንዷ ነጭ ክር፣ አንዷ ገበር፣ አንዷ የቀሚስ ዚፕ። ቀና ባለች ቁጥር በሰዉ ትከሻ መካከል ኢዶሳ ይታያታል። አልሄደም። ባርኔጣውንም መልሶ አላደረገም። ድንኳኑ መፍረስ ጀመረ፣ ወንበሮቹ መኪና ላይ ተጫኑ፣ ገመዱ ተጠቀለለ፤ እሱ እዚያው ነው።

«ሴትዮ፣ ረጅሙን ዚፕ ነው ያልኩሽ» አለቻት አንዲት ሰፊ።

«ይቅርታ» አለችና ረጅሙን ፈለገች። ኢዶሳ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ዓይኑን ከሷ ሳይነቅል፣ ገና ትናገራለች ብሎ ቆሞ ነበር።